የወልደ ሚካኤል ፊርማ

እናቴ የኔነሽ ፈረንጅ አገር፣ ስካርቦሮ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ስትሠራ አንድም ፋሲካ ቤቷ ውላ አታውቅም። ይህን ስናገር ያጋነንኩ የሚመስለው ሰው አለ። አላጋነንኩም። ፈረንጆቹ የራሳቸውን ፋሲካ ሲያከብሩ "ያንቺ እኮ ገና ነው" ብለው ሥራውን ለእሷ ይተዉላታል። የእኛው ሲደርስ ደግሞ የሥራ ተራ የምታወጣው አለቃ ኮምፒውተሯ ላይ ያ ቀን እንደማንኛውም እሑድ ነው የሚታያት። እናቴ አትናገርም። "ሽማግሌዎቹንስ ማን ያጥባቸው?" ትልና ነጠላዋን በፌስታል ጠቅልላ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ትሄዳለች።

እኔ ግን እናገራለሁ። ስሜ ቤዛዊት ነው፣ ቤዚ ይሉኛል። ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ አንድ ቀን ደሜ ፈላና ቁጭ ብዬ ፕሮግራም ጻፍኩ። ስሙን "ተራ" አልኩት። ሠራተኞች በዓላቸውን ያስገባሉ፤ "ተራ" የሁሉንም ሃይማኖት የቀን አቆጣጠር ያውቃል፤ ማን ለማን በገና እንደሠራ ሳይረሳ በፋሲካ ውለታውን ያስመልሳል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ሌላው ሰው ስለ ፕሮግራሙ ጥቅም ትልልቅ ቃላት በሚደረድርበት ቦታ፣ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ። "ለእናቴ፣ አንድ ፋሲካ ቤቷ እንድትውል።"

ከዚያ ኮዱን ማንም አንብቦ እንዲወስደው ለሁሉም ክፍት አደረግሁት። እኔ ራሴ የሠራሁባቸው መሣሪያዎች በሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች ደክመው በነጻ የሰጧቸው ናቸው፤ በሰው ማረሻ አርሼ እህሉን መቆለፍ አስጠላኝ። ሆኖም ሞኝ አይደለሁም። ላይሰንሱን፣ የአጠቃቀም ፈቃዱን ማለት ነው፣ ስመርጥ እንዲህ የሚለውን መረጥኩ፦ ማንም ይውሰድ፣ ማንም ይጠቀም፣ ግን በእኛ ሥራ ላይ የራሱን ጨምሮ የሚሸጥ ሰው የራሱንም እንደኛው ክፍት ያድርግ። ክፍት ማድረግ የማይፈልግ ድርጅት ካለ ደግሞ መጥቶ ያነጋግረን፤ የንግድ ላይሰንስ የሚባል ሌላ ውል አለ፣ በዚያ እንዋዋላለን። ያን ጊዜ ይህን የጻፍኩት ለወጉ ነበር። ማን መጥቶ ያነጋግረኛል ብዬ።

ከመጡት ሰዎች የመጀመሪያው የኮሌጅ ጓደኛዬ ፋሩቅ ነው። ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው፤ የኢድንና የረመዳንን ክፍል እሱ ጻፈ። ሁለተኛው ግን ማን እንደሆነ አናውቅም ነበር። በኢንተርኔት በኩል ሥራውን ይልካል፣ ስሙ የሚለው "ወልደ ሚካኤል" ብቻ ነው። ከየት እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው "እግዚአብሔር ያክብርሽ" ብሎ ያልፈኛል። አንድ ዓመት ያህል በየጊዜው እየላከ ቆይቶ በድንገት ጠፋ።

የእሱ ክፍል የፕሮግራሙ ልብ ነው። ሰው ሲታመም ተተኪ ፈላጊው ማለት ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ቶሎ "እሺ" ያለውን ሰው ይመድባሉ፣ በዚህም ምክንያት ሁልጊዜ የሚጠራው ያው እምቢ ማለት የማይችለው ነው። ወልደ ሚካኤል የጻፈው እንዲህ አያደርግም። ብዙ ጊዜ እሺ ያለን ሰው ለይቶ ያውቃል፤ እሺ እያለም ቢሆን ያሳርፈዋል። መጀመሪያ ያነበብኩት ቀን ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ይህ ሰው እናቴን የሚያውቃት መሰለኝ።

ባለፈው መከር ላይ ያልጠበቅሁት ሆነ። ለመጦሪያ ቤቶች የሥራ ተራ ማውጫ የሚሸጥ አንድ ድርጅት "ተራ"ን በራሱ ሶፍትዌር ውስጥ ለማስገባት ፈለገ። የእናቴ መሥሪያ ቤት የሚጠቀመው የዚህኑ ድርጅት ሶፍትዌር ነው። የራሳቸውን ኮድ ክፍት ማድረግ አይፈልጉም፣ ስለዚህ የንግዱን ላይሰንስ ጠየቁ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። የእናቴ አለቃ ከሠራተኛዋ ልጅ በነጻ የመጣ ፕሮግራም እንደማትጭን አውቃለሁ፤ ሞክሬያለሁ፤ "ቆንጆ ነው" ብላ ሸኝታኛለች። በዚህ በኩል ግን ሳትጠየቅ ይገባላታል። እናቴ ደግሞ በሰኔ ጡረታ ልትወጣ ነው። የቀራት አንድ ፋሲካ ነው።

ስብሰባው ዩኒየን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነበር። ውሉን የሚመራው ሊዮ የሚባል ጨዋ ሰውዬ ነው። አጠገቡ ኮዱን እንዲመረምር የተቀመጠው መሐንዲስ ደግሞ የእኛው አገር ልጅ ሆኖ አገኘሁት፤ ኖላዊ ይባላል፣ ለትምህርት መጥቶ የቀረ ነው። የአገሬ ልጅ አለ ብዬ ዘና ብዬ ተቀመጥኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ያፋጠጠኝ እሱ ነው። ሌላውን ሁሉ ትቶ ተተኪ ፈላጊው ላይ ተተከለ።

"ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረቃ ቢታመሙ ይህ ክፍል ምን ያደርጋል?" አለኝ በእንግሊዝኛ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

አላውቅም ነበር። ያልጻፍኩትን ከየት አውቃለሁ? እየተንተባተብኩ ሳለ ሊዮ ከኮዱ ራስጌ ያለውን ስም አይቶ "ይሄ ሰው ማነው?" አለኝ። በጎ ፈቃደኛ ነው አልኩት። ኖላዊ የውሃ ብርጭቆውን ያዞራል።

ሊዮ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው። ኮዱን የጻፈ ሰው ሁሉ የሥራው ባለቤት ነው፤ ክፍት በሆነው ላይሰንስ እንጂ በሌላ ውል እንዲሸጥ አልፈቀደም። ስለዚህ ሦስታችንም እስከ ኅዳር መጨረሻ መፈረም አለብን። አንዱ ፊርማ ከጎደለ ድርጅቱ የራሱን ይሠራል፣ እሱም ለሚመጣው ፋሲካ አይደርስም።

ለወልደ ሚካኤል ኢሜል ጻፍኩ። ተመለሰብኝ፤ አድራሻው ተዘግቷል። በሌላ መንገድ ፈለግሁት፣ ዱካ የለውም። ፋሩቅ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ወዳለ ካፌ ጠርቶኝ ማኪያቶውን እያማሰለ መፍትሔ አመጣልኝ።

"አንቺ፣ ሰውየው ስሙን እንኳን አልነገረንም። ሁሉንም እኔ ጻፍኩት ብለሽ ሳይን አድርጊ። ማን ኮምፕሌን ያደርጋል?"

"ማንም።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያ የሰው ላብ ነው። ፋሩቅ፣ አንተ የጻፍከውን እኔ ጻፍኩት ብል ደስ ይልሃል?"

"እኔ እኮ ስም አለኝ።"

"እሱም አለው። ወልደ ሚካኤል ነው ስሙ።"

"እሺ፣ ሪራይት አድርጊው። ከዜሮ።"

"እያየሁት ከዜሮ እንዴት ነው የሚጻፈው? አንዴ አንብቤዋለሁ፣ የምጽፈው ያንኑ ነው የሚሆነው።"

ፋሩቅ ትከሻውን ነቀነቀ። "እናትሽ እኮ ናት" አለኝ ቀስ ብሎ። ይቺኛዋ ነካችኝ። አዎ፣ እናቴ ናት። ሃያ ምናምን ዓመት እሷ ባጠበቻቸው ሽማግሌዎች "እንዴት አምሮባቸዋል" ተብላ ሌላዋ ስትመሰገን ቆማ ያየች ሴት ናት። በሌላ ሰው ሥራ ላይ ስሜን ጽፌ ለእሷ ፋሲካ ባመጣላት ያ በዓል ከጉሮሮዬ አይወርድም። እንዲህ ብዬ ነገርኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ የካፌው ሰው ሁሉ ዞረ።

ቤቴ ገብቼ ወልደ ሚካኤል የላካቸውን እንደገና ዘረዘርኳቸው፤ ምናልባት ከተማውን የሚጠቁም ነገር ትቶ እንደሆነ። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲታዩ ዝብርቅርቅ ናቸው። ራሴ በ"ተራ" ውስጥ የጻፍኩትን መቀየሪያ ተጭኜ ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሳቸው ግን ሁሉም አንድ ሆኑ። ጥር አሥራ ሁለት። የካቲት አሥራ ሁለት። መጋቢት አሥራ ሁለት። እንዲህ እያለ ዓመቱን ሞላ። የቅዱስ ሚካኤል ቀን ነው።

ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ። "ወልደ ሚካኤል" ለኢንተርኔት የወጣ ቅጽል ስም አልነበረም፣ የክርስትና ስሙ ነው። ሰውየው ይህን ሥራ ሲልክ የነበረው ለእኔ አይደለም፤ በየወሩ በመልአኩ ቀን፣ ሰው ሻማ ይዞ እንደሚሄደው፣ እሱ ኮድ ይዞ ይሄድ ነበር።

የትም አገር ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሌላ የማውቀው በር አልነበረም። ኅዳር ሚካኤል ደርሷል፤ እዚህ ሰው ሥራ ላይ ስለሚሆን በዓሉ ወደ እሑድ ይገፋል። እናቴ በሥራ ላይ ነበረች፣ እንደልማዷ። ብቻዬን ሄጄ ካህኑን አባ ወልደገብርኤልን ያዝኳቸው።

"አባ፣ ወልደ ሚካኤል የሚባል ሰው እፈልጋለሁ።"

"ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግማሽ ወልደ ሚካኤል ነው።"

"ኮምፒውተር የሚያውቀውን ነው።"

"የክርስትና ስም ለጸሎት እንጂ ለገበያ አይጠራም" አሉኝ፤ ነገሩን ከሥሩ ስነግራቸው ግን ጢማቸውን ይዘው ሰሙኝ። "አንቺስ ፈርመሽ መገላገል ትችዪ ነበር ማለት ነው?"

"እችል ነበር።"

"መልካም" አሉና ከቡራኬ በኋላ ለምእመኑ አስታወቁልኝ። ወልደ ሚካኤል የተባለ፣ የኮምፒውተር ሙያ ያለው፣ ይቺ እህታችሁ ቤዛዊት በበይነ መረብ የሰጠኸውን ሥራ ይዛ ባለቤቱን እየፈለገች ነው፣ አዳራሽ ትጠብቅሃለች፣ ለክፉ አይደለም አሉ።

ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ሴትዮ ልጇን በክንዱ ጎትታ አመጣችልኝ፤ ልጁ ባንክ ነው የሚሠራው፣ "ኮምፒውተር ግን ቀኑን ሙሉ ከፊቱ አይጠፋም" አለች፣ ደግሞም አላገባም። ሌላዋ ስሙ ወልደ ማርያም የሆነውን አመጣች፤ ከማርያምና ከሚካኤል ምን ልዩነት አለ ብላ። አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን ዘርግተው "እስኪ ይቺን ክፈቺልኝ፣ ተዘግታብኛለች" አሉኝ። ከፈትኩላቸው። ሰዉ ጠበሉን ጠጥቶ፣ የበረከት ዳቦውን በልቶ ሲበተን እኔ ብቻዬን ወንበር ላይ ቀረሁ፤ ተስፋዬም አብሮ ተበተነ።

ከኩሽና በኩል አንድ ሰው እጁን በፎጣ እያደረቀ መጣ። ድስት ሲያጥብ ነበር። ነጠላውን አጣፍቶ ስለለበሰ ፊቱን እስካይ አላወቅሁትም። ኖላዊ ነው።

"አንተ ደግሞ እዚህ ምን ታደርጋለህ?" አልኩት፤ የስብሰባው ነገር ገና ከሆዴ አልወጣም።

"የምትፈልጊው እኔን ነው" አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ ደስታዬን ንዴቴ ቀደመው። "አንተ ነህ? በገዛ ኮድህ ነው እዚያ ሰው ፊት ያዋረድከኝ?"

"ላዋርድሽ ብዬ አይደለም። ሁለት ሰዎች አብረው ከታመሙ እዚያ ቦታ ላይ ይሳሳታል። ሳላስተካክለው ነው ያቆምኩት። ወደ መጦሪያ ቤት ሳይስተካከል እንዳይገባ ብዬ ነው።"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት አትልም ነበር?"

አጠገቤ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ዝም ያልኩት ስለቴን ብዬ ነው። ስለት ካወሩት ምኑን ስለት ሆነ?"

ነገረኝ። ያኔ የሥራ ፈቃድ እየጠበቀ እዚሁ ስካርቦሮ ውስጥ በሰው ምድር ቤት ተቀምጦ ነበር። እናቱ ደሴ ላይ ታማ ቀዶ ጥገና ሊያደርጉላት ሆነ። አጠገቧ ሄዶ መቆም አይችልም፣ የሚልከውም አልነበረውም። ሰው ለሚካኤል ጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል። እሱ ያለው እጁ ብቻ ነበር። እናቴን ካተረፍክልኝ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ በቀንህ የእጄን ሥራ ስሜን ሳልናገር ለማላውቀው ሰው እሰጣለሁ ብሎ ተሳለ።

"ዳነች?" አልኩት።

"ዳነች። አሁን አላገባህም ብላ ስትሰድበኝ ነው የምትውለው።"

"ለምን የእኔን ፕሮግራም መረጥክ? በነጻ የተቀመጠው ስንት አለ።"

"የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩት" አለ። "ለእናቴ ይላል። እናት በእናት ብዬ ነው።"

እንባዬ መጣ። እኔ በቀላሉ አላለቅስም፤ ስለዚህ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በረዶ መጣል አለመጣሉን የማይ አስመሰልኩ።

"ለምንስ አሁን መጣህ?" አልኩት።

"ስሜን ሰርዘሽ የምትፈርሚ መስሎኝ ነበር። ቀላሉ እሱ ነዋ። እኔም አልከፋም ነበር። ዛሬ ግን ሕዝብ ፊት ቆመሽ ባለቤቱን ስታፈላልጊ ሳይ ተደብቄ ድስት ማጠቤ አሳፈረኝ።"

በሕይወቴ ብዙ ሙገሳ ሰምቻለሁ። በሥራዬም ጎበዝ ነኝ፣ አልደብቅም። እንደዚያች ንግግር አንገቴን ቀና ያደረገኝ ግን የለም።

ፊርማው ላይ ስንደርስ ኖላዊ አመነታ። ለመልአኩ የሰጠሁትን እንዴት ተመልሼ እሸጠዋለሁ አለ። እዚህ ላይ ትዕግስቴ አለቀ። "ወንድሜ፣ መሐንዲስ አይደለህም እንዴ? የሰጠኸው ሰጥተኸዋል፣ አይመለስም። ክፍቱ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ነገ ደሴ ያለ ሆስፒታል አውርዶ በነጻ ይጠቀምበታል። እነዚህ የሚከፍሉት የራሳቸውን በር ለመዝጋት ነው። ያንተን አይዘጉትም።"

አሰበበት። "ክፍቱ ለዘላለም ክፍት ይሁን፤ ውሉ ላይ ይጻፍ" አለ። "የእኔም ድርሻ በእጄ እንዳይገባ። ስሜም እዚያ የሚነበበው እንዳለ ይሁን፣ ወልደ ሚካኤል። ለሊዮ በዓለም ስሜ እፈርማለሁ፣ ግዴታ ነው። ለሌላ ሰው ግን እንዳትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን።"

"ለእናቴም?"

"በተለይ ለእናትሽ። አንዴ ካመሰገነችኝ ዋጋዬን ተቀበልኩ ማለት ነው።"

እኔን ዝም በይ ማለት ዓባይን ቁም እንደማለት ነው። ማልኩለት።

በማግስቱ ኖላዊ ራሱ ለሊዮ ነገረው። የድርጅቱ ጠበቆች ኮዱ እሱ እዚያ ከመቀጠሩ በፊት የተጻፈ መሆኑን እስኪያረጋግጡ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ሊዮ ግን ሳቀ፣ "ሁለት ሰው ቢታመም ያልከው ለዚህ ነዋ" አለው። ስህተቱን አብረን ቁጭ ብለን አስተካከልነው። ሦስታችንም ፈረምን። የኖላዊ ድርሻ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁም፤ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግን በዚያው የበረዶ ወራት አዲስ ማሞቂያ ገባለት።

መጋቢት ላይ እናቴ ከሥራ ደወለችልኝ። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ ስለማታውቅ ደነገጥኩ።

"ቤዚዬ፣ ስልኬ ላይ የፋሲካው ተራ መጣ። እኔ የለሁበትም።"

"ማን አለ?"

"ፊሊፒንዋ ጓደኛዬ። በገና ሠርቼላት አልነበር? ኮምፒውተሩ አስታውሶ እሷን መደበ። እሷም እሺ፣ ተራዬ ነው አለች።" ሌላ ሰው አጠገቧ ሲያወራ ይሰማኛል። "ከታች ተጫንኩትና የሠሪዎቹ ስም ወጣ። ቤዛዊት ገብረክርስቶስ ይላል።"

አባቴ ገብረክርስቶስ በሱዳን አድርጎ በስደት እዚህ አገር ገብቶ፣ ታክሲ እየነዳ አሳድጎኝ ነው የሞተው። ያ ስም ከመቃብሩ ድንጋይ በቀር የትም ተጽፎ አያውቅም ነበር። አሁን በየመጦሪያ ቤቱ፣ በየሠራተኛው ስልክ ላይ አለ።

"ለሁሉም አሳየኋቸው" አለች እናቴ። "ለአለቃዬም። ልጄ ናት፣ ይሄ ደግሞ ባለቤቴ ነው አልኳት። እንኳን አደረሰሽ አለችኝ፤ ገና እኮ ነው፣ ምን ታውቃለች።" ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን አለቀስን፤ ማልቀሳችንን ግን አንዳችንም አላነሳነውም።

"ይሄ ወልደ ሚካኤል የሚለው ማነው?" አለችኝ መጨረሻ ላይ።

"የሚረዳን ሰው ነበር።"

"ስሙ ማን ይባላል?"

ምላሴን ነከስኩ። "አላውቅም እማዬ።"

"ተይው፣ ለጸሎት የሚሆነው ስሙ አለ፤ ይበቃኛል።"

ፋሲካ እሑድ እናቴ ቤቷ ዋለች። ተኛች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ተኛች፣ ምን እንደምትሠራ ጠፋባት። እኩለ ቀን ላይ ጠረጴዛው ሞልቶ ጎረቤቶች ተቀመጡ፣ ፋሩቅም ከሬክስዴል መጣ፣ እኔም አንድ የሥራ ባልደረባዬን ጋብዤ ነበር፤ በዓለም ስሙ አስተዋወቅኋት። ለእናንተ ግን ኖላዊ ያልኳችሁ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ማልኩ እኮ።

ከመብላታችን በፊት እናቴ ቆመች። እንደልማዷ የሞቱትን ጠራች፣ አባቴን ጠራች፣ እኔን በክርስትና ስሜ ጠራች። ከዚያ "አቤቱ፣ በዚህ ቀን በቤቴ ያዋለኝን ባርያህን ወልደ ሚካኤልን አስበው፤ ባለበት አገር ጠብቀው፣ እናቱን አኑርለት" አለች።

እኔ ሳህኔን አየሁ። ፋሩቅ ጣሪያውን አየ። እንግዳዬ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ከሁላችንም ዘግይቶ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ "አሜን" አለ። እናቴ የራበው መስሏት መጀመሪያ እሱን አጎረሰችው።